ክፈፉ ከ0.6 ወደ 1.5 ሜትር ሲረዝም፦ የጣሪያ ወራጅ የንፋስ ጭነት የጉዳይ ጥናት

ጉዳዩ ባለ አንድ ወለል አዳራሽ ነው። ርዝመቱ 15.2 ሜትር፣ ከፊት ግድግዳ እስከ ኋላ ግድግዳ መሃል ለመሃል 5.0 ሜትር። ጣሪያው ወደ ኋላ 3 ዲግሪ ብቻ ያዘነበለ ሲሆን፣ 75 በ200 ሚሊ ሜትር የሆኑ 20 የእንጨት ወራጆች በ0.8 ሜትር ርቀት ተደርድረው፣ በላያቸው ማገር ተመትቶ ቆርቆሮ ይለብሳል። የፊት ጠርዙ ከመሬት 4 ሜትር ከፍ ይላል። በመጀመሪያው ዲዛይን ክፈፉ ከፊት ግድግዳ 0.6 ሜትር ይወጣል፤ ከኋላና ከጎን ክፈፍ የለም። የብሎኬቱ ሥራ አልቆ የሪንግ ቢሙ (በግድግዳው አናት ዙሪያውን የሚሞላው የኮንክሪት ቢም) ካሳፎርማ እየተመታ ሳለ ባለቤቱ ከፊት ሰፊ ታዛ ፈለገና ክፈፉ 1.5 ሜትር እንዲሆን ጠየቀ። ለመሃንዲሶቹ የቀረበው ጥያቄ “ወራጁ ይችላል ወይ?” የሚል ነበር።

ወራጁ ይችላል። የማይችለው ወራጁን ከግድግዳው ጋር የሚያስረው ነገር ነው፤ ያ ደግሞ ክፈፉ ሳይረዝምም አይችልም ነበር። ይህ የታወቀው ስሌቱ ከመነሻው እንደገና ሲሠራ ነው።

ክፈፍ ላይ ምን የተለየ ነገር አለ

ከክፍሉ በላይ ያለውን ጣሪያ ንፋስ ከላይ ይስበዋል፣ የውስጥ አየር ደግሞ ከታች በመጠኑ ይገፋዋል። ክፈፉን ከታች የሚገፋው ግን የውስጥ አየር አይደለም። የፊት ግድግዳውን የመታው ንፋስ መሄጃ ሲያጣ ግድግዳውን ታኮ ሽቅብ ይወጣና ታዛው ሥር ይታመቃል። በዚያው ቅጽበት ከላይ የሚያልፈው ንፋስ ከጠርዙ ላይ ስለሚላቀቅ፣ የጣሪያው ብርቱ የመሳብ ግፊት የሚፈጠረው እዚያው ጠርዙ ላይ ነው። ሁለቱም ወደ ላይ ስለሆኑ ይደመራሉ። የአውሮፓው የንፋስ ጭነት ደንብ፣ ዩሮኮድ 1 ክፍል 1-4፣ ነገሩን በአጭሩ ያስቀምጠዋል፦ ከክፈፉ በላይ የዚያ የጣሪያ ዞን ግፊት፣ ከክፈፉ በታች ክፈፉ የተያያዘበት ግድግዳ ግፊት ይወሰዳል።

በዚህ ላይ የክንድ ጉዳይ አለ። ከፊት ድጋፉ 1.1 ሜትር ወጥቶ የሚያርፍ 1 ኪሎ ኒውተን የፊት ማሰሪያውን የሚነቅለው በ1 ሳይሆን በ1.22 ኪሎ ኒውተን ነው፤ ትርፉ 0.22 የኋላውን ድጋፍ ወደ ታች ይጫነዋል።

ታዛውን ከሥር በኮርኒስ ዘግቶ “አሁን ንፋሱ ወራጁን አያገኘውም” ማለት የተለመደ ነው። ያገኘዋል። ኮርኒሱ ግፊቱን ተቀብሎ በሚስማሮቹ በኩል ለዚያው ወራጅ ያስተላልፋል፤ ኮርኒሱ ከተገነጠለ ደግሞ ንፋሱ ወደ ጣሪያው ሆድ ዕቃ ይገባል።

ደንቦችን ማቀላቀልም አደጋ አለው። በአሜሪካው የጭነት ደንብ በኤኤስሲኢ 7 የ2010 እና የ2016 እትሞች ለጣሪያ ልባስና ለክፍሎቹ የተሰጡት የክፈፍ ቁጥሮች የላይኛውንም የታችኛውንም ግፊት አስቀድመው ይዘዋል። በእነሱ ላይ የግድግዳውን ግፊት እንደገና የደመረ ሁለት ጊዜ ቆጥሯል። በዩሮኮድ የጣሪያ ሰንጠረዥ ግን የታችኛው የለበትም፤ ያልደመረ ግማሹን ጥሏል።

የንፋሱ ግፊት

ለቦታው የተወሰደው መነሻ ፍጥነት 25 ሜትር በሰከንድ ነው፤ ይህም በክፍት ሜዳ፣ በ10 ሜትር ከፍታ፣ የ10 ደቂቃ አማካይ ሆኖ በአንድ ዓመት ውስጥ የመታለፍ ዕድሉ 2 በመቶ የሆነ ፍጥነት ማለት ነው። መሬቱ ምድብ 2፣ ማለትም ሣርና ተራርቀው የቆሙ ዛፎች ወይም ቤቶች ያሉበት ሲሆን የሸካራነት ርዝመቱ 0.05 ሜትር ነው።

በ4 ሜትር ከፍታ የፍጥነት ማባዣው 0.19 × 4.38 = 0.83 ይሆናል (4.38 የ80 ተፈጥሯዊ ሎጋሪዝም ሲሆን፣ 80 ደግሞ 4 ለ0.05 ሲካፈል የሚገኘው ነው)። አማካይ ፍጥነቱ 20.8 ሜትር በሰከንድ፣ የንፋሱ መናወጥ 1 ÷ 4.38 = 0.228። ከፍተኛው ግፊት፦

(1 + 7 × 0.228) × 0.5 × 1.25 × 20.8² = 703 ፓስካል፣ ማለትም 0.70 ኪሎ ፓስካል።

ይህ ግፊት ሲገለበጥ የ33.5 ሜትር በሰከንድ ሽውታ ነው። አንዳንድ የአየር ሁኔታ መረጃ የሚሰጠው የ3 ሰከንድ ሽውታን ነው፤ ያንን ቁጥር መነሻ ፍጥነት አድርጎ እዚህ ቀመር ውስጥ የከተተ ሰው 0.70 ሳይሆን 1.26 ኪሎ ፓስካል ያገኛል። በተቃራኒው አቅጣጫ መሳሳትም ይቻላል፣ እሱ ነው ጣሪያ የሚያስነሳው። ከፍጥነቱ ቁጥር ይልቅ አማካዩ የስንት ሰከንድ ወይም የስንት ደቂቃ እንደሆነ መጠየቅ ይቀድማል።

ዞኖቹና ኮኤፊሸንቶቹ

3 ዲግሪ ከ5 ዲግሪ ስለሚያንስ ጣሪያው እንደ ጠፍጣፋ ይታያል። ንፋስ ከፊት ሲመጣ የዞኖቹ መለኪያ ከ15.2 ሜትር ርዝመትና ከከፍታው እጥፍ (8 ሜትር) ትንሹ ነው፤ ስለዚህ 8 ሜትር። ከጠርዙ 0.8 ሜትር ድረስ ያለው ሰቅ በሁለቱም ማዕዘን 2 ሜትር ዞን ኤፍ፣ መካከሉ ዞን ጂ ነው። ከ0.8 እስከ 4.0 ሜትር ዞን ኤች፣ ከዚያ ወዲያ ዞን አይ። ርቀቱ የሚለካው ከጣሪያው ጫፍ እንጂ ከግድግዳው አይደለም። በመጀመሪያው ዲዛይን ሥዕል ላይ ዞኖቹ ከግድግዳው መስመር ጀምረው ነበር፤ ክፈፉ በየትኛውም ዞን ውስጥ አልነበረም።

የዩሮኮዱ ሰንጠረዥ ለ10 ካሬ ሜትርና ለ1 ካሬ ሜትር ሁለት ኮኤፊሸንት፣ ማለትም የንፋሱን ግፊት የሚያባዛ ቁጥር (− ስበት፣ + ግፊት)፣ ይሰጣል። አንድ ወራጅ የሚሸከመው 6.5 × 0.8 = 5.2 ካሬ ሜትር በመሃል ስለሚወድቅ በሎጋሪዝም ይመጣጠናል፤ የ5.2 ሎጋሪዝም 0.716 ነው። ዞን ኤፍ ከ−2.5 እና ከ−1.8 መካከል −2.00፣ ዞን ጂ ከ−2.0 እና ከ−1.2 መካከል −1.43፣ ዞን ኤች ከ−1.2 እና ከ−0.7 መካከል −0.84 ይሆናሉ። ዞን አይ ሲደመርም ሲቀነስም 0.2 ስለሆነ ለነቀላ −0.2 ይያዛል። የፊት ግድግዳው (ዞን ዲ) ከ+1.0 እና ከ+0.8 መካከል +0.86። የውስጥ ግፊት፣ በሮች ተዘግተው፣ +0.2።

በሩና መስኮቱ እየተነሣ የውስጥ ግፊቱ ብዙ ያከራክራል፤ ለጊዜው እንለፈው፣ ማሰሪያው ጋ ስንደርስ እንመለስበታለን።

የማዕዘን ወራጅ፣ ንፋስ ከፊት

በአንድ ወራጅ ላይ አንድ የኮኤፊሸንት አሃድ 0.70 × 0.8 = 0.56 ኪሎ ኒውተን በሜትር ነው።

| ከጫፉ (ሜትር) | ከላይ | ከታች | ድምር | ኪሎ ኒውተን በሜትር | ኃይል (ኪሎ ኒውተን) |
|---|---|---|---|---|---|
| 0–0.8 | −2.00 | +0.86 | 2.86 | 1.60 | 1.28 |
| 0.8–1.5 | −0.84 | +0.86 | 1.70 | 0.95 | 0.67 |
| 1.5–4.0 | −0.84 | +0.20 | 1.04 | 0.58 | 1.46 |
| 4.0–6.5 | −0.20 | +0.20 | 0.40 | 0.22 | 0.56 |

ከወራጁ ርዝመት ሩብ የማይሞላው ክፈፍ ግማሽ ያህሉን ኃይል ይዟል። በኋላ ድጋፉ ዙሪያ ሞመንት (ኃይሉ በክንዱ ርዝመት ተባዝቶ) ሲወሰድ የፊት ድጋፉ የሚነቀልበት ኃይል፦

(1.28 × 6.1 + 0.67 × 5.35 + 1.46 × 3.75 + 0.56 × 1.25) ÷ 5.0 = 3.51 ኪሎ ኒውተን።

ይህንን የሚቃወመው የጣሪያው ክብደት ነው። ቆርቆሮ 0.05፣ ማገር 0.04፣ ወራጅ 0.09፤ በድምሩ 0.18 ኪሎ ፓስካል። የውስጥ ኮርኒሱ 0.10 ያህል ቢጨምርም አልተቆጠረም፤ ኮርኒስ የሚመታው ጣሪያው ከለበሰ በኋላ ነው፣ አንድ ቀንም ሊነሳ ይችላል። ክብደቱ ፊት ድጋፉ ላይ 0.61 ኪሎ ኒውተን ያሳርፋል። ንፋሱ በ1.5 ይባዛል፣ የሚረዳው ክብደት ደግሞ በ0.9 ተባዝቶ ይቀነሳል፦

1.5 × 3.51 − 0.9 × 0.61 = 4.71 ኪሎ ኒውተን።

እዚህ ላይ ክብደቱን በ1.35 የሚያባዛ ሰው አይጠፋም፤ ለወደ ታች ጭነት የለመደ እጅ ነው የሚያደርገው፣ ውጤቱ ግን ንፋሱን የሚያግዝ ስህተት ነው።

በመካከለኛዎቹ ወራጆች ዞን ኤፍ በዞን ጂ ሲተካ 4.25 ይወጣል። ልዩነቱ 10 በመቶ ገደማ ነው፤ ለማዕዘን አንድ፣ ለመካከል ሌላ ማሰሪያ መንደፍ አያዋጣም። ሁለት ዓይነት ዕቃ ሳይት ላይ ሲመጣ መቀላቀሉ አይቀርም።

የቀድሞው ስሌት ምን ብሎ ነበር

የመጀመሪያው ስሌት መላውን ጣሪያ በአንድ ቁጥር ያዘ፤ ከላይ −0.7፣ ከውስጥ +0.2። ለ0.6 ሜትር ክፈፍ ያገኘው 1.96 ኪሎ ኒውተን ነበር። በዚያው ክፈፍ ዞኖቹና የታችኛው ግፊት በትክክል ሲገቡ (ከላይ ባሉት ኮኤፊሸንቶች) 3.36 ይሆናል። በቀድሞው መንገድ ክፈፉ ወደ 1.5 ሜትር ቢረዝም ኖሮ 2.65 ተብሎ ይታለፍ ነበር፣ ከትክክለኛው 56 በመቶ። ክፈፉ እየረዘመ በሄደ ቁጥር ቀላሉ ዘዴ ከእውነቱ ይበልጥ ይርቃል።

የኋላው ድጋፍ

ንፋስ ከፊት ሲመጣ ኋላ የሚቀረው ነቀላ 0.39 ኪሎ ኒውተን ብቻ ነው። ብዙ ስሌት እዚህ ይቆምና ኋላውን በሚስማር ይተወዋል። ንፋሱ ከኋላ ሲመጣ ግን ብርቱው ሰቅ ወደ ኋላ ጠርዝ ይዞራል፤ ፊት ያለው ክፈፍ ከንፋስ የተከለለ ግድግዳ (−0.5) ላይ ስለሚሆን ከታች ይሳባል፣ ወደ ታችም ይጎተታል። ክፈፉ ወደ ታች ሲሄድ ወራጁ በፊት ድጋፉ ላይ እንደ ሚዛን ይዞርና ኋላውን ያነሳል። ውጤቱ 2.61 ኪሎ ኒውተን ነው። በዚህ አቅጣጫ ወራጁ መሃል ላይ 2.6 ኪሎ ኒውተን ሜትር ያህል ሞመንት ወደ ላይ ይታጠፋል፤ የሚጨመቀው የታችኛው ጠርዝ ነው፣ እሱን ደግሞ ማገር አይዘውም። ስለዚህ በወራጆቹ መካከል፣ በስፓኑ (በሁለቱ ድጋፎች መካከል ባለው ርዝመት) አጋማሽ፣ ሙሉ ቁመት ያለው መሃል ገብ እንጨት ታዟል።

ንፋስ ከጎን ሲመጣ የጫፍ ወራጆቹ ከላይ ብርቱ ስበት ያገኛቸዋል፤ ታዛው ሥር ያለው ግድግዳ ግን እስከ −1.2 ስለሚሆን ክፈፉ ይቀላል። ለፊት ማሰሪያው ወሳኙ ይህ አይደለም።

ወራጁ ራሱ

በፊት ድጋፉ ላይ ያለው ሞመንት 1.5 × (1.28 × 1.1 + 0.67 × 0.35) ሲሆን፣ የክፈፉ ክብደት ተቀንሶ 2.32 ኪሎ ኒውተን ሜትር ይቀራል። ለ75 በ200 ወራጅ ውጥረቱ 4.6 ሜጋ ፓስካል ነው። የጥንካሬ ክፍሉ ሲ18 የሆነ እንጨት ለንፋስ 18 × 0.9 ÷ 1.3 = 12.5 ይችላል። ጫፉ ላይ ለጥገና የወጣ ሰው (1 ኪሎ ኒውተን) 2.47 ስለሚያመጣ ከንፋሱ በትንሹ ይበልጣል እንጂ እንጨቱን አያስጨንቀውም።

አንድ ነገር ግን ተከልክሏል፦ ወራጁ ግድግዳው ላይ ተደላድሎ እንዲቀመጥ ከሥሩ መጥረብ። በራሱ ክብደት ክፈፉ ሲዘም ከድጋፉ በላይ የሚሳበው የላይኛው ጠርዝ ነው፤ አናጢው ከታች ሲጠርብ ምንም የሚጎዳ አይመስለውም። ንፋስ ሲያነሳው ይገለበጣል፣ የሚሳበው ያ የተጠረበው ጎን ይሆናል፣ ስንጥቁም ከጥርቡ ማዕዘን ተነስቶ እንጨቱን በርዝመቱ ይሰነጥቀዋል። ለ3 ዲግሪ ዝንባሌ ከወራጁ በታች ቀጭን ሽብልቅ ይበቃል።

ማሰሪያው

በመጀመሪያው ሥዕል ወራጁ ሪንግ ቢሙ ላይ ከሚተኛው እንጨት ጋር በሰያፍ በተመቱ 4 ሚስማሮች ይያዛል። 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ለስላሳ ሚስማር 50 ሚሊ ሜትር ቢገባ፣ በዩሮኮድ 5 (የእንጨት ሥራ ደንብ) ቀመር ለነቀላ የሚችለው 0.28 ኪሎ ኒውተን ነው። አራቱ ሲደመሩ 1.13፤ ለራሱ ለ1.96 እንኳ አይበቃም። እንጨቱ እርጥብ ሆኖ ተመትቶ ኋላ ከደረቀ ደንቡ ሌላ ሲሶ ያስቀንሳል፣ 0.76 ይቀራል። ሚስማር ከጎን የሚገፋውን ለመቋቋም እንጂ ለመነቀል የተሠራ አይደለም፤ ቁጥሩን ወደ ስምንት ማሳደግም እንጨቱን ይሰነጥቃል።

አሁን ወደ በሩ እንመለስ። ፊት ለፊት ሰፊ ባለ ሁለት ተካፋች በር አለ። ክፍት ሆኖ ንፋስ ቢመጣ የውስጥ ግፊቱ 0.75 × 0.8 = 0.6 ይሆናል። ደንቡ በማዕበል ጊዜ የሚዘጋን በር ተከፍቶ ቢገኝ እንደ ድንገተኛ ሁኔታ እንዲታይ ይፈቅዳል፤ ያለ ማባዣ 3.46 ኪሎ ኒውተን፣ ከ4.71 በታች። በሩ የማይዘጋ ከሆነ ግን ሙሉ ማባዣው ይገባና 5.55 ይሆናል። የተመረጠው 5.55 ነው። ማሰሪያውን ከ4.71 ወደ 5.55 ማሳደግ ምንም የማይባል ብረት ነው የሚጨምረው፤ በሩ ደግሞ ሳይገጠም ጣሪያው የሚለብስባቸው ሳምንታት አሉ።

ሪንግ ቢሙ ገና አለመሞላቱ ዕድል ነበር። ለእያንዳንዱ ወራጅ 40 በ3 ሚሊ ሜትር ዚንክ የተቀባ የብረት ማሰሪያ በሁለት ጎን ተዘጋጀ፤ የታችኛው ጫፍ በሪንግ ቢሙ የታችኛው ፌሮ ሥር ታጥፎ ይሞላል፣ ላይኛው በወራጁ ሁለት ጎን ወጥቶ በአንድ ኤም12 (የ12 ሚሊ ሜትር) ባለ ዳዶ ብሎን ይታሰራል። ብሎኑ ከእንጨቱ ቃጫ ጋር ቀጥ ብሎ ሲገፋ በሁለት ጎን 8.4 ኪሎ ኒውተን ይችላል፤ ብረቱ ቀዳዳው ተቀንሶለት ከ20 በላይ። የብሎኑ ቀዳዳ ከወራጁ ላይኛ ጠርዝ 60 ሚሊ ሜትር ዝቅ ብሎ ነው የሚበሳው። ማሰሪያው ወራጁን ቁልቁል ስለሚጎትት ብሎኑ ወደ ታችኛው ጠርዝ ከቀረበ እንጨቱ ይሰነጠቃል፤ ከፍ ሲል ከሥሩ 140 ሚሊ ሜትር ጤናማ እንጨት ይቀራል።

ከማሰሪያው ወደ ታች

በሩ ተዘግቶ በተገኘው 4.71 ሲሰላ ወራጆቹ በሜትር 5.9 ኪሎ ኒውተን ይነቅላሉ። 200 በ200 ሪንግ ቢም በሜትር 1.0 ይመዝናል፣ በ0.9 ተባዝቶ 0.9። የቀረው 5.0 ቢሙን በ3.8 ሜትር በተራራቁ ኮለኖች መካከል ወደ ላይ ያጎብጠዋል፤ ሞመንቱ 7.2 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ስፓኑ መሃል ላይ የሚሳበው ከላይ ስለሆነ ሁለት የ12 ሚሊ ሜትር ፌሮ ከላይ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት (14 ያህል ይችላል)። “ሪንግ ቢም ነው” ተብሎ ከላይ ቀጭን ፌሮ የሚታሰርበት ልማድ እዚህ አይሠራም። እያንዳንዱ ኮለን 19 ኪሎ ኒውተን ይሳባል። ለፌሮው ቀላል ነው፣ አንድ የ12 ሚሊ ሜትር ብቻ 49 ይችላል፤ ኮለኑ ግን በክብደት መያዝ አለበት። ኮለን 4.4፣ 1.0 በ1.0 በ0.3 ፉቲንግ (የኮለኑ መሠረት) 7.5፣ በላዩ ያለው 0.9 ሜትር አፈር 14.7፤ በ0.9 ተባዝቶ 23.9። ያልፋል፣ አፈሩ ተመልሶ ከተጠቀጠቀ።

ከማሰሪያው ወደ ላይ

ቆርቆሮና ማገር የሚታዩት በ1 ካሬ ሜትር ቁጥር ነው፤ በማዕዘን (2.5 + 1.0) × 0.70 × 1.5 = 3.7 ኪሎ ፓስካል። ማገሮቹ በ0.6 ሜትር ቢራራቁ አንድ ማገር ከአንድ ወራጅ ጋር የሚገናኝበት ነጥብ 1.77 ኪሎ ኒውተን ይደርሰዋል። ይህ ስድስት ሰባት ሚስማር ይፈልጋል፣ ለማገር የማይሆን ነው። 6 ሚሊ ሜትር የእንጨት ብሎን፣ ጥርሱ ወራጁ ውስጥ 60 ሚሊ ሜትር ገብቶ፣ 2.6 ይችላል፤ ራሱ በማገሩ ውስጥ ሾልኮ እንዳያልፍ ሮንዴላ ይደረግበታል። ይህ በክፈፉና ከግድግዳው ወደ ውስጥ ባለው የመጀመሪያ ማገር ላይ ግዴታ ሆኗል።

ሳይት ላይ የሚበላሸው

ኮንክሪት ሲሞላ ማሰሪያው ከቦታው ይሸሻል። 50 ሚሊ ሜትር የሸሸ ብረት በመዶሻ ተመትቶ ሲመለስ ዚንኩ ይላጣል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ከታጠፈም እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። ስለዚህ የወራጆቹ ቦታ ካሳፎርማው ላይ በ0.8 ሜትር ምልክት ተደርጎ ማሰሪያዎቹ ከስታፋ ጋር በሽቦ ይታሰራሉ፣ ከሙሌቱ በፊትም ይለካሉ። ብሎኑ የሚጠብቀው ወራጁ ሽብልቁ ላይ በደንብ ካረፈ በኋላ ነው፤ ክፍተት ካለ ወራጁ መጀመሪያ ይነሳና ከዚያ ማሰሪያውን በድንገት ይመታዋል። 200 ሚሊ ሜትር ቁመት ያለው እርጥብ እንጨት ሲደርቅ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስለሚኮማተር ኮርኒስ ከመመታቱ በፊት ዳዶዎቹ እንደገና ይጠብቃሉ፤ ኮርኒሱ ከተመታ በኋላ ማንም አያያቸውም።

ቆርቆሮው የሚለብስበት ቅደም ተከተልም ሥዕሉ ላይ ተጽፏል። ክፈፉ በመጀመሪያ የሚለብሰው ማሰሪያዎቹ በሙሉ ጠብቀው፣ የክፈፉ ማገሮች በብሎን ከተያዙ በኋላ ነው። አንድ ረድፍ ቆርቆሮ በየሦስተኛው ሞገድ በአንድ ምስማር ተጠልፎ ለነገ የማይታደርበት ምክንያት ግልጽ ነው፦ በዚያች ሌሊት በሩ የለም፣ ኮርኒሱ የለም፣ ክብደቱም ከ0.18 ያንሳል።